“በርቱ” የተባለለት ፕሮቶታይፕ

ጥያቄው ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ጠያቂዎቹ ሦስት ወጣቶች ናቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው አምና ተመርቀዋል። ጎንደር ላይ ለሰፈር ሱቆች የዱቤ መዝገብ የሚሆን የስልክ አፕ ጀምረዋል። ገና ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም የሙከራ ናሙና ነው። ስክሪኖቹ ፊግማ በሚባል የዲዛይን ሶፍትዌር ተሠርተዋል፣ ሲነኩ ይቀያየራሉ፣ ከጀርባቸው ግን ምንም የለም። ለ12 ባለሱቆች አሳይተው ሁሉም “አሪፍ ነው፣ በርቱ” ብለዋቸዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘብ ሊያግዛቸው ለሚችል ሰው ያቀርባሉ። “ከዚያ በፊት በተጠቃሚ ልናስፈትሸው አስበናል። ለ100 ሰው መጠይቅ ብንበትን ይበቃል? ምን ብለን እንጠይቅ?” ይላሉ።

መጠይቁን ተዉት። 5 ሰው ሲጠቀም ተመልከቱ። ያያችሁትን አስተካክሉና ሌላ 5 ሰው ተመልከቱ። ለምን እንደምል ላስረዳ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ስለ12ቱ ባለሱቆች። እናንተ 12 ለ0 ያሸነፋችሁ መስሏችኋል። እኔ ጨዋታው ገና አልተጀመረም ባይ ነኝ። ሦስት የሰፈር ልጆች ስልክ ይዘው ሱቅ ደጃፍ ቆመው “ይሄን የሠራነው እኛ ነን፣ እንዴት አገኙት?” ሲሉ “አይረባም” የሚል ባለሱቅ ጎንደር ውስጥ ካለ አሳዩኝ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ሰውዬው እናታችሁን ያውቃል። ነገ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት ትገናኛላችሁ። ለአንድ አፕ ብሎ ፊቱን አያጠቁርባችሁም። “በርቱ” የምርቃት ቃል ናት፣ የግምገማ ቃል አይደለችም። እኔ እንደታዘብኩት አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሟ “እኔ አልጠቀምበትም፣ እናንተ ግን ጨዋ ልጆች ናችሁ” ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኒኮላ ዴል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ቦታው ህንድ፣ ባንጋሎር ነው። ለሰዎች ሁለት ነገር እያሳዩ “የትኛው ይሻላል?” ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ አንደኛው የጠያቂው ሥራ እንደሆነ ሲያምኑ ያንን የመምረጥ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆነ። ጠያቂው አስተርጓሚ የሚያስፈልገው የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ 5 እጥፍ ደረሰ። የጠያቂው ሥራ በግልጽ የሚያንስ ሆኖ እንኳ ሰዎቹ ወደሱ አደሉ። ስለዚህ 12 “አሪፍ ነው” የሚያሳየው የባለሱቆቹን ጨዋነት ነው። ስለ አፑ ገና ምንም አልተባለም።

እኔንም አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጎንደር ለአንድ የጤና ተቋም የቀጠሮ ማስታወሻ እንፈትሽ ነበር። ስልክ ላይ “ቀጠሮዎ ረቡዕ 9:00 ነው” የሚል መልእክት ይመጣል። ለሰዎቹ እናሳይና “ገባዎት?” እንላለን። “አዎ፣ ገብቶኛል።” 10 ሰው፣ 10 “ገብቶኛል”። ደስ ብሎን ሪፖርት ጻፍን። ነገሩ ሥራ ላይ ሲውል ጠዋት 3 ሰዓት መምጣት የነበረበት ሰው ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ከች ይላል። ሰዎቹ አልዋሹም። በእርግጥም ገብቷቸዋል፤ የገባቸው በሐበሻ ሰዓት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። “ገባዎት?” ከማለት “ለዚህ ቀጠሮ ከቤት ስንት ሰዓት ይነሳሉ?” ብዬ ብጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሰው ላይ ይያዝ ነበር።

እንግዲህ የዕቅዳችሁ አከርካሪ ይኸው ነው። “ጥሩ ነው” የሚል መልስ መግቢያ እንዳያገኝ አድርጋችሁ ንደፉት። አስተያየት አትጠይቁ፤ ሥራ ስጡና ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዕቅዱ። ብዙ ሰው ዕቅድ ሲባል የጥያቄ ዝርዝር ይመስለዋል። እኔ የምጀምረው ከውሳኔ ነው። በነዚህ ሦስት ሳምንታት ምን ትወስናላችሁ? “ሰዎች ይወዱት እንደሆነ ማወቅ” ውሳኔ አይደለም። “የደንበኛው ስም ይጻፍ ወይስ በፎቶ ይመረጥ” ውሳኔ ነው። “ከፊል ክፍያ መጀመሪያው ስክሪን ላይ ይውጣ ወይስ ውስጥ ይግባ” ውሳኔ ነው። አንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን “ምን ብናይ ሐሳባችንን እንቀይራለን” የሚለውን ሙሉ። ይህን ከፍተሻው በፊት ካልጻፋችሁ፣ በኋላ ያያችሁትን ሁሉ ወደ ራሳችሁ ጎትታችሁ ትተረጉሙታላችሁ። ሰው ነንና።

ከሁሉም በላይ ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው። አፑ ደብተሩን ይበልጣል ወይ? ተፎካካሪያችሁ ሌላ አፕ እንዳይመስላችሁ። ባንኮኒ ሥር ያለው፣ ጠርዙ የተበላ፣ እስክሪብቶ በክር የታሰረበት ደብተር ነው። ከባድ ተፎካካሪ ነው። ቻርጅ አይልም። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ዘይት በነካው እጅ ይጻፍበታል። ሲወድቅ አይሰነጠቅም።

ስለዚህ ፕሮቶታይፑን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን ደብተር ተመልከቱ። ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ፣ ፎቶ ሳታነሱ። ስም እንዴት እንደተጻፈ እዩ። “የሰላም እናት” ይላል። “ባለባጃጁ” ይላል። “ቀዩ መምህር” ይላል። የእናንተ ስክሪን ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ገና ከበሩ ተሰናከላችሁ ማለት ነው። ዕዳ ሲከፈል መስመሩ እንዴት እንደሚሰረዝ እዩ። ደንበኛው የራሱን ትንሽ ደብተር ይዞ የሚመጣበት ሱቅም አለ። ባለሱቁ ሁለቱም ላይ ይጽፋል። እንዲያ ሲሆን ደብተሩ መዝገብ ብቻ አይደለም፣ ምስክርም ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ደግሞ ሰዓት ያዙ። አንድ ዱቤ ደብተር ላይ ለማስፈር ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? ደንበኛው ቆሞ፣ ሌላ ሰው ከኋላው “ፓስታ አለ?” እያለ። የአፑ መለኪያ ይህ ቁጥር ነው። አይኤስኦ 9241-11 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የአጠቃቀም ምቹነትን ሲተረጉም ሦስት ነገር ያያል፦ ሰው ያሰበውን ማሳካቱን፣ ለዚያ ያወጣውን ጊዜና ድካም፣ እርካታውን። ይህም በአየር ላይ አይለካም። ለተወሰነ ተጠቃሚ፣ ለተወሰነ ዓላማ፣ በተወሰነ ሁኔታ ነው ይላል። የእናንተ “ሁኔታ” ባንኮኒው ነው። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ እየጋበዛችሁ የፈተሻችሁት ነገር ስለ ካፌ ነው የሚነግራችሁ።

ቁጥሩስ? 5 ከየት መጣ? ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን አሳተሙ። ካዩዋቸው ብዙ ፕሮጀክቶች በአማካይ አንድ ተጠቃሚ 31 በመቶ ያህሉን ችግር ያጋልጣል። ሁለተኛው ሰው የተወሰነውን ይደግማል፣ የተወሰነ ይጨምራል። እንዲህ እያለ በ3 ሰው 67 በመቶ፣ በ5 ሰው 85 በመቶ ገደማ ይደረሳል። ከዚያ በኋላ የምታዩት በአብዛኛው የተደጋገመ ነው።

ይህን እንደ ወንጌል ግን አትያዙት። 31 በመቶ አማካይ ነው። ከ10 ሰው አንዱን ብቻ የሚያደናቅፍ ችግር ካለ 5 ሰው አይታችሁ የማግኘት ዕድላችሁ 41 በመቶ ብቻ ነው። ሒሳቡም የሚሠራው ሰዎቹ ሲመሳሰሉ ነው። ማራኪ ካምፓስ አጠገብ ሱቅ የከፈተ ወጣትና ቅዳሜ ገበያ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬና ቅመም የሸጡ እናት አንድ ቡድን አይሆኑም።

ቡድኑን ስትለዩ “ስማርት ስልክ ይችላሉ?” ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም “እንዴ፣ እችላለሁ እንጂ” ነው የሚላችሁ። “ለመጨረሻ ጊዜ በቴሌብር ብር ሲልኩ ስልኩን የነካካው ማን ነበር?” በሉ። “እኔ” የሚሉና “ልጄ” የሚሉ ይለያሉ። ለእናንተ ወሳኙ ልዩነት ይኸው ነው። ሦስተኛ ቡድንም አለ፣ እሱም ይረሳል፦ ረዳቱ። ብዙ ሱቅ ውስጥ ደብተሩን የሚይዘው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ዕድሜው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሆነ ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታሳትፉት። ለዚህ ዙር ባትነኩት ይሻላል።

በአንድ ዙር 5፣ በሦስት ዙር 15 ሰው ይበቃችኋል። 15ቱን በአንድ ሳምንት አትጨርሷቸው። የመጀመሪያው ሰው የተጋጨበትን ግድግዳ 15ኛውም ሲጋጭበት ማየት ትርፉ ድካም ነው። ግድግዳውን አፍርሱና ከኋላው ያለውን እዩ። 12ቱን የቀድሞ ሰዎች አትመልሷቸው። ስክሪኑን አይተውታል፣ መርቀዋችኋልም። የአክስታችሁ ሱቅ ለልምምድ ይሁን።

ልምምድ ስል ቀልድ አይደለም። ከመጀመሪያው ዙር በፊት አንድ ሙሉ ፍተሻ ከአንድ ዘመድ ጋር ከሀ እስከ ፐ አድርጉ። 30 ደቂቃ ያላችሁት 55 ሲሆን የምታዩት እዚያ ነው። የሥራ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር የማይገባ መሆኑም እዚያ ነው የሚታወቀው። የልምምዱን ውጤት አትቁጠሩት።

ቀኑን አስቡበት። ቅዳሜ አትሂዱ፤ ገበያ ነው። የወር መጨረሻ፣ ደመወዝ ሲወጣ፣ ዱቤ የሚዘጋበት ሰሞን ስለሆነ ቆሞ ለማየት ግሩም ነው፣ ለፍተሻ ግን ሰው ፋታ የለውም። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚሰጣችሁ ሰው ካገኛችሁ ወይ ዘመድ ነው ወይ ሥራ የፈታ። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የድምፅ ቅጂያችሁ በሙሉ ታታታ ብቻ ይሆናል። ረፋድ ላይ፣ ከጠዋቱ የዳቦ ሽያጭ በኋላ፣ ጥሩ ሰዓት ነው።

ስለ ፕሮቶታይፑ ራሱ አንድ ምክር አለኝ። የመጀመሪያውን ዙር በወረቀት አድርጉት። አውቃለሁ፣ ፊግማው አምሮባችኋል። ችግሩም እሱ ነው። ያማረ ነገር ሲያይ ሰው “ያለቀ ነው” ብሎ ስለ ቀለሙ ያወራል። በእርሳስ የተሳለ ስክሪን ሲያይ ግን “እዚህ ጋ እኮ የቀረው ዕዳ የለም” ለማለት አይከብደውም። ይሉኝታው ይቀንሳል። ስክሪኖቹን በወረቀት ቆራርጡ፣ ሰውዬው በጣቱ ሲነካ ቀጣዩን ወረቀት አስቀምጡለት። ኔትወርክም መብራትም አያስጨንቃችሁም። ፊግማውን ለሁለተኛው ዙር አቆዩት። ያኔም ስክሪኖቹን በወረቀት አትማችሁ ያዙ፤ ኔትወርኩ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

“ከጀርባው ምንም የለም” ያላችሁት ደግሞ አያሳስባችሁ። አፑ ለተበዳሪው የጽሑፍ መልእክት ይልካል ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ሰርቨር እስኪሠራ አትጠብቁ። አንዳችሁ ሱቁ ደጅ ቁሙ። ባለሱቁ “ላክ” ሲነካ ከስልካችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ ላኩ። ፍተሻው ሲያልቅ እንዲህ እንዳደረጋችሁ ንገሯቸው። ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም። አንድ ወር የሚፈጅ ኮድ ሳትጽፉ ሰው መልእክቱን ይፈልገው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን የሥራ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። ስክሪኑ ላይ “አዲስ ዱቤ መዝግብ” የሚል ቁልፍ አላችሁ እንበል። ለባለሱቁ “እስቲ አዲስ ዱቤ ይመዝግቡ” ካላችሁት የፈተሻችሁት ማንበብ መቻሉን ነው። ቁልፉ ላይ ያለውን ቃል በጥያቄያችሁ አትጥሩ። ታሪክ ንገሩት። “የሰላም እናት መጥተው ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሊትር ዘይት ወሰዱ። ግማሹን ከፈሉ። ቀሪውን ለቅዳሜ ብለዋል። ደብተር ላይ የሚያደርጉትን እዚህ ላይ ያድርጉልኝ።” ከዚያ ዝም።

አራት ሥራ ይበቃል። አንዱ ከላይ ያለው ነው። ሌላው ክፍያ መቀበል። ሦስተኛው ክርክር ይሁን፦ “ቀዩ መምህር ‘እኔ ባለፈው 100 ብር ሰጥቻለሁ፣ አልጻፍከውም’ ይላል። እውነቱን እንዴት ያያሉ?” አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ስህተት ማረም ነው። ዕዳው በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል፤ ያስተካክሉት። ደብተር ላይ ይህ አንድ ሰረዝ ነው። አፕ ላይ አምስት ስክሪን ከሆነ ባለሱቁ ወደ ደብተሩ ይመለሳል፣ ለእናንተም አይነግራችሁም።

በሥራው መካከል ሌላ ደንበኛ ቢመጣ አትናደዱ። እንዲያውም ካልመጣ እናንተ ራሳችሁ አምጡ። አንዳችሁ ገብቶ ክብሪት ይግዛ። ባለሱቁ ሸጦ ሲመለስ የት እንደነበረ ያስታውሳል? ስክሪኑ ጠፍቶ ጠበቀው ወይስ የጻፈው ሁሉ ተሰረዘ?

ውስጡ ያለው የሙከራ መረጃም ይታሰብበት። ሦስት ስም ብቻ ካለው ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። 40 ስም አስገቡበት፣ ሁሉም የፈጠራ። ሁለት “የሰላም እናት” ይኑሩ። “ኃይሉ” የሚል ስም አስገቡና እንዲፈልጉት አድርጉ። አንዱ “ሀይሉ” ይላል፣ ሌላው “ሐይሉ” ይላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በላቲን ፊደል የሚጽፍም ይመጣል። ፊግማ እውነተኛ ፍለጋ ባይሠራም ግድ የለም። እንዴት ብለው እንደሚጽፉት ማየቱ ይበቃል። ይህን ካላያችሁ አፑ “ተገኝቷል” ማለት ሲገባው “የለም” ይላል፣ ባለሱቁም ያንኑ ሰው ሁለቴ ይመዘግባል። ዱቤ ላይ ይህ ጠብ ነው።

የመክፈያ ቀኑንም እንዲሁ። ደንበኛ “ለቅዳሜ” ይላል፣ “ደመወዝ ሲወጣ” ይላል፣ “ለፋሲካ” ይላል። እናንተ የፈረንጅ ካላንደር የሚያወጣ ስክሪን ከሰጣችሁት ሰውዬው ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ያንጋጥጣል። ያንን ማንጋጠጥ ጻፉት። ከብዙ ቃል ይበልጣል።

ፍተሻው ላይ ማን ምን ያድርግ? አንዱ ያናግር፣ አንዱ ይጻፍ። ኮዱን ወይም ዲዛይኑን የሠራው አያናግር። እናት የልጇን ደብተር እንደማረም ነው፤ እጁ ሳይታወቀው ይጠቁማል። የሚቻል ከሆነ አፑን ያልሠራ ጓደኛ ያናግር። ያ ልጅ “እኔ አልሠራሁትም፣ ቢነቅፉት አይከፋኝም” ሲል እውነቱን ነው። እናንተ ሠርታችሁት “የሌላ ሰው ነው” ብላችሁ ግን አትዋሹ። ጎንደር ጠባብ ናት።

ስትጀምሩ “ፈተና” የሚለውን ቃል አታንሱ። “አፑ የት ጋ እንደሚያስቸግር ለማየት ነው የመጣነው፣ ባስቸገረዎት ቁጥር እኛን ጠቀሙን ማለት ነው” በሉ። ሰውዬው ሲደናቀፍ ይቅርታ እንዳይጠይቃችሁ ነው። “እኔ እኮ አልተማርኩም” ካለ እናንተ ተሸንፋችኋል።

ጮክ ብሎ እያሰቡ መሥራት የሚባል ዘዴ አለ። ክሌይተን ሉዊስ የሚባል ተመራማሪ በ1982 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ሳለ ለዚህ ዓይነት ፍተሻ ያስተዋወቀው ነው። ተሳታፊው እየሠራ የሚያስበውን ይናገራል። ወጣቶች ላይ ጥሩ ይሠራል። አንድ ጋሼ ግን “ብቻዬን የምለፈልፈው አበድኩ እንዴ?” ብለውኛል። ልክ ናቸው። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የማደርገው ይህ ነው፦ ረዳታቸውን ወይም ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጬ “እያሳዩት ይሥሩ” እላለሁ። ያኔ ወሬው በራሱ ይመጣል። “አይ፣ እዚህ ጋ ነው መሰለኝ… ኧረ አይደለም።” የምትፈልጉት ወርቅ ይኸው ነው።

ሲቆሙ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። “ይሄን ልንካው?” ሲሏችሁ “እኔ ባልኖር ምን ያደርጉ ነበር?” በሉ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከተቸገሩ እርዷቸውና “በእርዳታ” ብላችሁ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ሥራ የምትጽፉት ቀላል ነው፤ ብቻውን ጨረሰ፣ በእርዳታ ጨረሰ ወይስ አልጨረሰም። ስንት ሴኮንድ ፈጀ። የት ጋ ተሳሳተ። ከጎኑ ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትጻፉ። “ግራ ገባው” ግምት ነው። “ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ” እይታ ነው።

ስለ ፈቃድና ስለ ገንዘብ። ዱቤ ሚስጥር ነው። ማን ለማን ስንት እንዳለበት ሰፈር ውስጥ ከወጣ ሰው ይጣላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። በፍተሻ ጊዜ እውነተኛ ዕዳ በጭራሽ አታስገቡ። ባለሱቁ ሌላም ስጋት አለው፤ ከገቢዎች የመጣችሁ ሊመስለው ይችላል። ሽያጩን፣ ካፒታሉን፣ የወር ገቢውን አትጠይቁ፤ ለፍተሻው አያስፈልጋችሁም። የምትቀርጹ ከሆነ እጁንና ስክሪኑን ብቻ፣ አስፈቅዳችሁ፣ መቼ እንደምታጠፉት ነግራችሁ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆናችሁ እንደ ምርምር የምታሳትሙት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መያዝ አለበት፤ ኋላ አይሠራም።

ለጊዜያቸው የሞባይል ካርድ ወይም ቡናና ስኳር ስጡ። ስትገቡ ስጡ እንጂ ስትወጡ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ነገር የምርቃት ዋጋ ይመስላል።

ማታውኑ ተቀመጡ፤ ለነገ አታሳድሩት። እያንዳንዱን ችግር በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፣ ስንት ሰው ላይ እንደታየ ቁጠሩ። ከዚያ ክብደቱን ስጡ። ብር የሚያሳስት ወይም ዕዳ የሚያጠፋ ነገር በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቢታይም ቀድሞ ይስተካከላል። አራት ሰው የተናገረው “ቀለሙ ደመቀብኝ” ይቆይ።

ገንዘብ ሰጪው ቁጥር ይፈልጋል ብላችሁ ታስባላችሁ። ቢፈልግ “80 በመቶ ተሳክቶላቸዋል” አትበሉት። ከ5 ሰው 4 ሲሆን፣ በ95 በመቶ የመተማመን ልክ እውነተኛው ቁጥር ከ36 እስከ 98 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። “ከ5 ሰው 4” በሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዙርና የሦስተኛውን ዙር ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ስህተት ማረም በዙር 1 ስንቱ ቻለ፣ በዙር 3 ስንቱ። የደብተሩን ሴኮንድ ከጎኑ። ይህ ከ100 መጠይቅ የበለጠ ያሳምናል፤ ደግሞም እውነት ነው።

“ኤስዩኤስ” የሚባለውን ባለ10 ጥያቄ የአጠቃቀም ምቹነት መለኪያ ሰምታችሁ ይሆናል። ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ከ100 ይታረማል፣ አማካዩ 68 አካባቢ ነው፣ መቶኛ ግን አይደለም። ጥሩ መሣሪያ ነው። ለአሁኑ ግን ተዉት። ጥያቄዎቹ አንዱ አዎንታዊ አንዱ አሉታዊ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። አማርኛ ላይ “አላስፈላጊ ውስብስብ ነው በሚለው አልስማማም” ባንኮኒ ላይ ቆሞ ለሚመልስ ሰው ራስ ምታት ነው። በ5 ሰው የሚወጣው ቁጥርም ብዙ አይነግራችሁም።

አንድ ጥያቄ መጠየቅ ካለባችሁ፣ መጨረሻ ላይ ይህን ጠይቁ፦ “ይሄን ነገር ነገ ጠዋት ስልክዎ ላይ ብንጭነው ደብተሩን የት ያደርጉታል?” “እጥለዋለሁ” የሚል አታገኙም። “እሱማ ይኖራል” ይሏችኋል። ለምን እንደሚኖር ሲያብራሩ ግን እናንተ ያላሰባችሁት ሥራ ይወጣል።

ቀደም ብዬ እመለሳለሁ ያልኩት ነጥብ እዚህ ጋ ይመጣል። ደብተሩ ምስክር ነው ብያለሁ። ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ የተጻፈውን ያያል። አፑ ያንን ወደ ባለሱቁ ስልክ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ተጠቃሚ አላችሁ፣ ጥያቄያችሁ ውስጥ አንድም ጊዜ አልጠራችሁትም፦ ተበዳሪው። በሦስተኛው ዙር ከ5ቱ ፍተሻ ሁለቱን ባለሱቅና እውነተኛ ደንበኛው አብረው ሆነው በፈጠራ ዕዳ ያድርጉት። ጸሐፊያችሁ አይኑን ከባለሱቁ ያንሳና ደንበኛው ላይ ያድርግ። “እስቲ አሳየኝ” ካለ፣ ባለሱቁ ስልኩን አዙሮ ያሳየው እንደሆነና ደንበኛው ያየውን ማንበብ የቻለ እንደሆነ መዝግቡ። የዚያን ቀን ማስታወሻ ከያዛችሁ ጻፉልኝ፤ ለእኔም አዲስ ነው።